እኩል መስጠትና የሚገባውን መስጠት

እኩልነት፣ ፍትሐዊነት፣ ብዝኃነት፣ ማኅበራዊ ፍትሕ። እነዚህን ቃላት በሬድዮ እንሰማቸዋለን። በስብሰባም ላይ ይነገራሉ። ተናጋሪው «እኩልነት ይከበር!» ሲል ሁላችንም እናጨበጭባለን። ታዲያ ከስብሰባው ወጥተን «ለመሆኑ እኩልነት ምን ማለት ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን?

ትርጉሙን ሳያውቁ ማጨብጨብ፣ ጽሑፉን ሳያነቡ በአውራ ጣት እንደ መፈረም ነው። ፊደል የቆጠርነው ይህ እንዲቀር ነው። ስለዚህ ዛሬ አራቱን ቃላት አንድ በአንድ እንመረምራለን።

ምሳሌያችን ድሬዳዋ ናት። ለምን ድሬዳዋ? ድሬዳዋ ከተማም ናት፤ ገጠርም አላት። ብዙ ሕዝብና ብዙ ቋንቋ ይኖርባታል። እዚያ የተሠራው መልካም ሥራም ሆነ የደረሰው በደል፣ ለማንኛውም የገበሬ ማኅበር ትምህርት ይሆናል።

1. አንድ ከተማ፣ ሁለት ሰፈር

ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ሊሄድ ነበር የታሰበው። የሐረር ተራራ ግን ለባቡር አልመች አለ። ስለዚህ ሐዲዱ በቆላው በኩል ዞረና በ1895 ዓ.ም. አሁን ድሬዳዋ ካለችበት ቦታ ደረሰ። ከተማዋም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር።

በከተማዋ መካከል ደቻቱ የሚባል ወንዝ ያልፋል። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናብ ሲጥል ግን ጎርፍ ይወርድበታል። ወንዙ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንደኛው ዳር ከዚራ አለ። በሌላው ዳር መጋላ አለ።

ከዚራን የባቡር ኩባንያው በፕላን አሠራው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ዛፍ የተተከለበት ነው። እዚያ የሰፈሩት የኩባንያው ሹማምንትና የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። መጋላ ደግሞ የአገሬው ሰውና የነጋዴው ሰፈር ሆነ። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። በዚያ ቆላ ሐሩር ጥላው፣ ሰፊው መንገድ፣ ደህናው ቤት ወደ አንድ ዳር አደላ።

ልብ በሉ! ሐዲዱን የዘረጋው፣ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ዕቃውን የተሸከመው የጉልበት ሠራተኛ ነው። ጥላው ሥር የተቀመጠው ግን እሱ አልነበረም። ይህን ልዩነት ወንዙ አላመጣውም። ወንዝ መሬትን ይከፍላል እንጂ ጥቅምን አይከፍልም። ጥቅምን የሚከፍለው ሰው ነው። ሰው የሠራውን ነገር ደግሞ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል። ይህን ሐሳብ ያዙልን፤ ለሚከተለው ሁሉ መሠረት ነው።

2. እኩልነት ምንድን ነው?

እኩልነት ማለት ሰው ሁሉ በሕግ ፊት አንድ መሆኑ ነው። ሀብታም ነው፣ ድሀ ነው፣ ወንድ ነው፣ ሴት ናት፣ ከዚህ ዘር ነው፣ ከዚያ ዘር ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ክርስቲያን ነው ሳይባል ሕጉ አንድ ዓይነት ሲሠራ እኩልነት አለ ይባላል።

ገበሬ ይህን ከመሬት የበለጠ የሚያስረዳው የለም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ጭሰኛ ካመረተው ላይ እርቦ፣ ሲሶ፣ በአንዳንድ ቦታም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር። ባለ መሬቱ በፈለገ ቀን «ልቀቅ» ሊለው ይችል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። አዋጁ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። ወንድ ሴት ሳይባል፣ በጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ መተዳደሪያ የሚበቃ መሬት እንዲያገኝ አዘዘ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው መሬት ግን ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። የገበሬ ማኅበርም በ800 ሄክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ መሬት ላይ እንዲቋቋም ፈቀደ።

«ወንድ ሴት ሳይባል» የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ነው። በመዝገቡ ላይ ምን ተጻፈ? አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው የአባወራው ስም ነው። ሚስቲቱ አብራ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ ስሟ ግን ከመዝገቡ የለም። ጋብቻው ሲፈርስ «መሬትሽ የቱ ነው? ማስረጃሽን አምጪ» ትባላለች። ምን ታምጣ? አዋጁ እኩል አድርጓት ነበር፤ መዝገቡ ግን ረሳት።

ይህ ጉድለት የተነካው ቆይቶ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ከ1967 እስከ 1997 ዓ.ም. ስንት ዓመት ነው? አስሉት፤ 30 ዓመት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ለራሱ ልጅ ይወልዳል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሕጉ «ሁሉም እኩል ነው» ማለቱ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። በሩ ለሁሉም ተከፍቷል ማለት ሁሉም ገብቷል ማለት አይደለም። ማን እንደ ቀረ ዘወር ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ይህም ወደ ሁለተኛው ቃል ይወስደናል።

3. ፍትሐዊነት ምንድን ነው?

ፍትሐዊነት ማለት ለእያንዳንዱ የሚገባውንና የሚያስፈልገውን ማድረስ ነው። «እኩል ከሰጠን አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ደብተርና እርሳስ አምጡና እናስላው።

በድሬዳዋ ገጠር በበጋ ውኃ ይቸግራል። እንበልና ለአንድ መንደር በቦቴ 120 ጀሪካን ውኃ መጣ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። መንደሩ 40 ቤት ነው። ሰብሳቢው «እኩል እናካፍል» አለ። 120ን ለ40 ሲያካፍሉት ለአንድ ቤት 3 ጀሪካን ይደርሳል። ይህም 60 ሊትር ነው። ሁሉም እኩል ስለ ደረሰው ሰው ሁሉ ረክቶ ተበተነ።

አሁን ወደየቤቱ እንግባ። በመጀመሪያው ቤት 2 ሰዎች አሉ። 60 ሊትር ለ2 ሲካፈል ለአንድ ሰው 30 ሊትር ነው። ከዚህ ተርፎ ለበግ ይጠጣል። በሁለተኛው ቤት እናት፣ አባትና 7 ልጆች አሉ፤ 9 ሰዎች ናቸው። 60 ሊትር ለ9 ሲካፈል ለአንድ ሰው 7 ሊትር እንኳ አይሞላም። ምግብ ይበሰልበት? ይጠጣ? ሕፃን ይታጠብበት? በአንዱ ቤት ውኃ ተርፎ በሌላው ቤት ልጅ ይጠማል። ድርሻው እኩል ነበር፤ ፍትሐዊ ግን አልነበረም።

በሌላ መንገድ እንሞክር። የመንደሩ ሰው በጠቅላላ 240 ነው እንበል። ውኃው በጠቅላላ 2,400 ሊትር ነው። በሰው ቁጥር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 10 ሊትር ይደርሳል። 2 ሰዎች ያሉበት ቤት 20 ሊትር ያገኛል። 9 ሰዎች ያሉበት ቤት 90 ሊትር ያገኛል። ከቤት ቤት ሲታይ ድርሻው የተበላለጠ ይመስላል። ከሰው ሰው ሲታይ ግን ማንም ከማንም አልበለጠም።

ገና አልጨረስንም። በመንደሩ ዳር ዓይናቸው የማያይ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። በስማቸው 10 ሊትር ተመዝግቧል። ውኃው ያለው ግን ቦቴው የቆመበት ነው። እሳቸው እዚያ አይደርሱም። ድርሻቸው በወረቀት ላይ ነው እንጂ በእንስራቸው ውስጥ አይደለም። እንግዲህ ማኅበሩ አንድ ጎረምሳ መድቦ ውኃውን ከደጃቸው ካላደረሰላቸው፣ «ለእማማም ሰጥተናል» ማለቱ ከንቱ ነው።

አንዳንድ ሰው «ለእሳቸው ሰው መመደብ አድልዎ ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። አድልዎ ማለት ካለው ላይ መጨመር ነው። ለዘመድ፣ ለአማች፣ ለጉርሻ ሰጪ ማብዛት ነው። ፍትሐዊነት ግን የጎደለበትን አይቶ መሙላት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የሰጠነው ለማን ነው፣ ምን ስለ ጎደለው ነው?» ለዚህ ጥያቄ በጉባኤ ፊት ግልጽ መልስ ካለ ፍትሐዊ ነው። መልሱ በሹክሹክታ ከሆነ አድልዎ ነው።

4. ዝናቡ ለሁሉም ዘነበ፣ ጉዳቱ ግን ለሁሉም አልደረሰም

ወደ ደቻቱ እንመለስ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ፣ ደቻቱ በድንገት ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን አጡ። ድሬዳዋ ያን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ጎርፍ ዘር አይመርጥም፤ ሃይማኖትም አይጠይቅም። በዚያ ሌሊት ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው አብሮ ተወስዷል። ነገር ግን ጎርፍ አንድ ነገር ይመርጣል፤ ዝቅ ያለውን ቦታ ይመርጣል። ከወንዙ አፋፍ በደካማ ቤት የሚኖረው ማነው? ከፍ ባለ ቦታ መሬት መግዛት ወይም መከራየት ያልቻለ ሰው ነው። «ለምን እዚያ ቤት ሠራ?» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ሌላ ቦታ ነበረው ወይ?

ሌላም ነገር አለ። የደቻቱ ጎርፍ የሚመጣው ከደቡብ በኩል ካሉት ተራሮች ነው። ዛፉ ያለቀበት ተራራ ውኃ አይዝም። «ተራራውን ያራቆተው ገበሬው ነው» የሚሉ አሉ። ገበሬው ማገዶና ከሰል የሚሸጠው ግን ለማን ነው? ለከተማው ነው። የሚሸጠውስ ለምንድን ነው? ማሽላው ሲከዳው ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ነገር ስለሌለው ነው። ጥፋቱን ለአንዱ ብቻ ማሸከም ፍርድ አይሆንም።

ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። በተራራው ላይም እርከን የመሥራትና ችግኝ የመትከል ሥራ ተካሄደ። ይህ መልካም ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ እናንሳ። እርከኑን የሚሠራው የተራራው ገበሬ ነው። በእርከኑ ከጎርፍ የሚድነው የከተማው ሰው ነው። ገበሬውም አፈሩ ስለማይታጠብበት ይጠቀማል፤ ከተማው ግን የበለጠ ይጠቀማል። ታዲያ ከተማው ለተራራው ሰው ድካም ምን ይመልሳል? ትምህርት ቤት ነው? ጤና ኬላ ነው? የውኃ ጉድጓድ ነው? ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ሒሳብ መተሳሰብ ነው።

5. ብዝኃነት ምንድን ነው?

ብዝኃነት ማለት ብዙ ዓይነት መሆን ነው። በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በባህል፣ በዕድሜ፣ በአካል፣ በኑሮ መለያየት ነው። በእርሻችን እናውቀዋለን። ማሽላ ብቻ የዘራ ገበሬ ተባይ ሲመጣ ባዶውን ይቀራል። ከማሽላው ጎን በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ አትክልት ያለው ሰው አንዱ ቢከዳው ሌላው ይደርስለታል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በድሬዳዋ 341,834 ሰዎች ተቆጥረዋል። ከመቶው 68 ያህሉ በከተማ፣ 32 ያህሉ በገጠር ይኖሩ ነበር። ከመቶው 46 ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 ያህሉ ሶማሌ፣ 20 ያህሉ አማራ ናቸው ተባለ። የቀሩት ጉራጌ፣ ሐረሪና ሌሎች ናቸው። በሃይማኖት ከመቶው 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 26 ያህሉ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበሩ። የከተማዋን ስም እንኳ ኦሮሞው በቋንቋው፣ ሶማሌውም በቋንቋው ይተረጉመዋል። በቀፊራ ገበያ ሻጭና ገዥ በአንዱ ቋንቋ ጀምረው በሌላው ይጨርሳሉ። ሰው ሲሞት እድሩ አለ፤ አፎሻው አለ። የእርሻ ሥራ ሲበዛ አንዱ «ደቦ» ይለዋል፣ ሌላው «ጉዛ» ይለዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው መረዳዳት ነው።

ብዝኃነትን ማክበር ግን አብሮ ሻይ መጠጣት ብቻ አይደለም። ሕግና ሥራ ያስፈልገዋል። ሁለት ምሳሌ እንይ።

አንደኛው የሃይማኖት ነው። በቀድሞው ዘመን በአገራችን የሙስሊሞች በዓል በመንግሥት ደረጃ አይከበርም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የሃይማኖት እኩልነት ጠየቁ። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። በ1967 ዓ.ም. ሦስት የእስልምና በዓላት የአገሪቱ በዓላት ሆኑ። ክርስቲያኑ ከዚህ የተነሳ የቀረበት መብት አለ ወይ? የለም። የሌላው መብት ሲከበር የእኛ አይቀነስም።

ሁለተኛው የቋንቋ ነው። ፊደልን በማያውቁት ቋንቋ መማር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። ኦሮምኛና ሶማሊኛም ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይናገራል።

ብዝኃነት ሥልጣን ላይ ሲደርስ ደግሞ ከባድ ጥያቄ ይሆናል። ድሬዳዋን የኦሮሚያም የሶማሌም ክልል «የእኔ ናት» ስላሉ፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሆነ። በ1996 ዓ.ም. ቻርተር ወጣላት። ለብዙ ዓመታት ሥልጣን ሲደለደል «40፣ 40፣ 20» የሚባል ቀመር ይሠራበት ነበር። 40 እጁ ለኦሮሞ፣ 40 እጁ ለሶማሌ፣ 20 እጁ ለሌሎች ማለት ነው። የደገፉት «አንዱ ሌላውን እንዳይውጥ ይጠብቃል» አሉ። የተቃወሙት «ሰው በችሎታው ሳይሆን በዘሩ እየተቆጠረ ይቀራል» አሉ። በ2011 ዓ.ም. ወጣቶች ይህን ቀመር በአደባባይ ተቃውመዋል።

እኛ እዚህ አንፈርድም። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነተኛ ጥያቄ አለ። አንደኛው ጥያቄ «የእኔ ወገን በሸንጎው ውስጥ አለ ወይ?» ነው። ሁለተኛው «ወገኔ ማንም ይሁን ማን፣ ቢሮ ስሄድ ጉዳዬ ይፈጸምልኛል ወይ?» ነው። የራሱ ወገን ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉዳዩ ያልተፈጸመለት ድሀ ስንት ነው! ስለዚህ አንደኛውን ጠይቀን ሁለተኛውን አንርሳ። ሁለተኛውንም ይዘን አንደኛውን አንናቅ።

6. ማኅበራዊ ፍትሕ ምንድን ነው?

ሦስቱ ቃላት ሲገናኙ አራተኛውን ይወልዳሉ። ማኅበራዊ ፍትሕ ማለት የአገር ጥቅምና የአገር ሸክም በሚገባ የተደለደለበት ኑሮ ነው። ጥቅም ማለት መሬት፣ ውኃ፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ መንገድ፣ ሥልጣን ነው። ሸክም ማለት ግብር፣ ጉልበት፣ አደጋ፣ ድካም ነው። ጥቅሙ ለአንዱ ወገን፣ ሸክሙ ለሌላው ወገን ከሆነ ማኅበራዊ ፍትሕ የለም።

ከምጽዋት የሚለየውም በዚህ ነው። ምጽዋት ጥሩ ነገር ነው፤ የተራበ ሰው ዛሬ ይበላበታል። ነገር ግን ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ነው። ሰጪው ሲከፋው ይቀራል። ፍትሕ ግን በሕግና በመብት ነው። አሮጊቷ ውኃቸውን የሚያገኙት ጎረምሳው ስላዘነላቸው ሳይሆን የማኅበሩ አባል ስለሆኑ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን። ብዙ በደል የተሸፈነው በዚህ ተረት ነው። የሚሾመው ሰው የሚበላው የማንን ነው? የመንደሩን ውኃ፣ የመበለቷን መሬት፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት ነው። ከዚህ ይልቅ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት እንያዝ። ዝም ያለ ሰው ድርሻው ይቀራል።

7. በማኅበራችን ምን እናድርግ?

ማንኛውም ነገር ሲደለደል፣ ውኃም ይሁን ዘር፣ ማዳበሪያም ይሁን የእርዳታ እህል፣ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በጉባኤ እንጠይቅ።

አንደኛ፦ እዚህ የሌለው ማነው? ለምን ቀረ? ስብሰባው የተጠራው እናቶች ውኃ ሊቀዱ በሚሄዱበት ሰዓት ከሆነ ሰዓቱ ይለወጥ።

ሁለተኛ፦ ተቀምጦ ያልተናገረው ማነው? ቋንቋው ስላልገባው ከሆነ ጎኑ ያለው ሰው ያስተርጉምለት።

ሦስተኛ፦ መዝገቡ ላይ ስሙ ያልገባው ማነው? መዝገቡ በጉባኤ ጮክ ተብሎ ይነበብ። አሁን ማንበብ የምንችል ብዙ ነን።

አራተኛ፦ ጥቅሙ ለማን ደረሰ? ሸክሙንስ ማን ተሸከመ?

አምስተኛ፦ ለአንዱ ለምን በዛ፣ ለሌላው ለምን አነሰ? ምክንያቱ በግልጽ ይነገር፤ በቃለ ጉባኤም ይጻፍ።

እነዚህን መጠየቅ ጠብ መፈለግ አይደለም። ጠብ የሚመጣው ጥያቄው ታፍኖ ሲከርም ነው።

የቃላት ፍች

እኩልነት፦ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት አንድ መሆኑ።
ፍትሐዊነት፦ የጎደለበትን አይቶ የሚገባውን ማድረስ።
ብዝኃነት፦ ብዙ ዓይነት ሆኖ አብሮ መኖር።
ማኅበራዊ ፍትሕ፦ የአገር ጥቅምና ሸክም በሚገባ መደልደሉ።
አድልዎ፦ ያለ በቂ ምክንያት አንዱን ከሌላው ማስበለጥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችሁ መዝገብ ላይ የሚስቶች ስም አለ ወይ? ከሌለ ለምን?
2. አንድ ማኅበር 90 ኩንታል የእርዳታ እህል ቢደርሰውና 60 ቤት ቢኖር፣ በቤት ሲካፈል ለአንድ ቤት ስንት ኪሎ ይደርሳል? አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። በቤት ነው ወይስ በሰው ቁጥር ማካፈል የሚሻለው? ለምን?
3. በመንደራችሁ ጎርፍ ወይም ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ማነው? ምክንያቱ ምንድን ነው?
4. ማንበብ የምትችሉ ይህን ጽሑፍ ለማይችል ጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያም «አንተስ ምን ትላለህ?»፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በደብተራችሁ ጻፉ።